ዘሩ ተኝቷል ያልናት ልጅ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የእኔን ቦታ የተካው ወጣት ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ሻይ ቀረበለት፣ ትንሽ እንደተጫወትን ከቦርሳው ታብሌት አውጥቶ "ቲቸር አስቴር፣ ይቺን ይዩልኝ" አለኝ። አየሁ። አንዲት ቦሎቄ አፈር ውስጥ ተሰነጠቀች፣ ሥር ሰደደች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ቅጠል አወጣች፣ አበበች። ሁሉም ያለቀው እኔ ስኳሬን አማስዬ ሳልጨርስ ነው።

"ልጆቹ ነፍሳቸው ነው" አለኝ።

"ያምራል" አልኩት፤ ከልቤ ነው። "የማይበቅለውንስ ያሳያል?"

"የማይበቅል?" ግራ ገባው። "የማይበቅለውን ማን ይቀርጻል፣ ቲቸር?"

ሳቅንና ወደ ሌላ ወሬ አለፍን። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው አልሄደም። ሊሰማው የሚገባ መልስ ነበረኝ፤ ሻይ እየጠጡ የሚነገር ስላልሆነ ዝም አልኩ። እዚህ ልጻፈው።

የተወለድኩት ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። አባቴ ከሸዋ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው እዚህ ተበላሽቶበት መለዋወጫ ሲጠብቅ እናቴን አገባ፤ መለዋወጫው መጣ፣ እሱ ግን አልሄደም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ቦረንኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እየተናገርኩ አደግኩ። በአራቱም ተሰድቤአለሁ፣ በአራቱም ተመርቄአለሁ። በኋላ እንጀራዬ የሆነው ይኼው ነው።

ሥራዬ የሕፃናት መምህርነት ነበር፤ ክፍል ግን አልነበረኝም። ያን ጊዜ ከሞያሌ ወጣ ብሎ ቦሪና ዳበል አካባቢ ያለው ሰው ከብቱን ተከትሎ ነው የሚኖረው። ትምህርት ቤት ቢኖርም የአምስት ዓመት ልጅ በእግሩ የሚደርስበት አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት የከተማ ሴቶችን እየቀጠረ በየቤቱ ይልክ ነበር፤ ልጆቹን እንድናስተምር፣ እናቶቹም አጠገባችን ቁጭ ብለው እንዲያዩና እኛ ስንሄድ እንዲቀጥሉ። ደመወዙ ይዘገያል፤ በወሩ መጨረሻ የምንሞላው ቅጽ ግን እንዲዘገይ አይፈቀድም። ስለ ሁለቱ ይኼ ይበቃል።

ማስተማሪያችን ቤት ውስጥ የተገኘው ነው። መቁጠር በጠጠር፣ ቀለም በዶቃ፣ ትልቅና ትንሽ በድስትና በጣሳ። ልጆቹ በናፍቆት የሚጠብቁት ግን የዘሩን ትምህርት ነበር። ዘር እንዴት እንደሚበቅል ማሳየት ቀላል ይመስላል። አይደለም።

እኔን ያስተማሩኝ ማማ ራሄል ናቸው። የቡርጂ ሴት ናቸው፤ ቡርጂ ሞያሌ ውስጥ በግብርናው ነው የሚታወቀው። ባላቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን በማረሻ ያሳደጉ፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያናቸው ሕፃናት ሲያስተምሩ ድርጅቱ አይቷቸው የቀጠራቸው ናቸው። ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ የሚሸፍኑ። የመጀመሪያውን ዓመት ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ አሳለፍኩ።

አንድ ቤት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት "ዛሬ ውሃ አለ?" ብለው ነው። የለም ከተባሉ የዚያን ቀን ዘር የሚባል ነገር አያነሱም፤ ጠጠር ያስቆጥሩና ተረት አውርተው ይወጣሉ። "ሰው ያልጠጣውን ቦሎቄ አይጠጣም" ይሉኝ ነበር። ውሃ ካለ ደግሞ አንድ እፍኝ ቦሎቄ ጣሳ ውስጥ ይጨምራሉ። የሚንሳፈፈውን በጣታቸው እየለቀሙ ያወጣሉ፤ ውስጡ ተበልቷልና። የሰመጠው ተነክሮ ያድራል። ውሃው አይደፋም፤ ለፍየል ነው።

በማግስቱ ከሻሻቸው ቋጠሮ አሮጌ ጨርቅ ይፈቱና ብርጭቆ ውስጥ ይጠቀልሉታል። ቦሎቄዎቹን በጨርቁና በብርጭቆው መሃል ያስገቧቸዋል፣ ልጁ ከውጭ እንዲያያቸው። ጨርቁ ምን ያህል ይርጠብ? "እንደታጠበ ፊት ነው እንጂ እንደዋኘ ልጅ አይንጠብጠብ።" ብርጭቆው ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞያሌ ላይ ፀሐይ ፊት የተተወ ቦሎቄ ይቀቀላል። ልጆቹ አትንኩ ይባላሉ። ይነካሉ። ሞያሌ አጠገብ ባለችው ሄሉ አንዱ የእኔ ተማሪ በየጠዋቱ ቦሎቄውን አውጥቶ እየሳመ ይመልሰው ነበር፤ በቀለለት። ሌላው በላው፤ እሱም ሆዴ ውስጥ ይበቅላል ብሎ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ እናቱ ደረሰችበት።

አሁን ወደ ዋናው ልማዳቸው ልምጣ። ማማ ራሄል በየብርጭቆው ውስጥ ካስገቧቸው ዘሮች አንዱ ሁልጊዜ የተቆላ ነው። ሆን ብለው ነው። ቤታቸው ቆልተው ይዘውት ይመጣሉ፤ ልጆቹ ቀለሙን አይተው "ይኼ ጠቆረ" ይላሉ፣ እሳቸው "እናያለና" ይላሉ። ጥሬዎቹ ያጎነቁላሉ፣ ነጭ ሥራቸውን ወደ ታች ይልካሉ። የተቆላው ያብጣል፣ ከዚያ ሻጋታ ያበቅላል፣ ይሸታል። ያን ጊዜ ማማ ራሄል ያወጡትና በጥፍራቸው ሁለት ክክ አድርገው ለልጆቹ አፍንጫ ያቀርቡታል።

"ይኼ ሞቷል" ይላሉ። "ዱኤ።" ቦረንኛ ነው፤ ሞተ ማለት ነው።

ሁልጊዜ አንድ ልጅ አይጠፋም፣ "ውሃ ብንጨምርለትስ?" የሚል።

"ይሞከር።"

ይሞከራል። አይሆንም። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው እየሳቁ ይሮጣሉ፤ ለቁም ነገሩ ግን ሁሉም ቆመው አይተዋል።

እኔ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። "የአራት ዓመት ልጅ ፊት ሞት ይጠራል እንዴ፣ ማማ?" አልኳቸው አንድ ቀን ከቦሪ ስንመለስ።

"እነዚህ ልጆች በየድርቁ ጥጃው ሲወድቅ ያያሉ፣ አስቱ" አሉኝ። "ያዩትን እኛ በስሙ ካልጠራንላቸው ብቻቸውን ስም ያወጡለታል። ሁሉም ይበቅላል ብለሽ ካስተማርሽ ደግሞ የዋሸሽው ስለ እርሻ ብቻ አይደለም።"

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራውን ተዉ። እኔ ለብቻዬ ቀጠልኩ፤ ጠዋት ጠዋት ቦሎቄ መቁላት የእኔ ተራ ሆነ። ሄሉ ውስጥ ሰዓዳ የምትባል ከወገቧ በታች የማይታዘዝላት ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ለእንግዳ አያሳዩዋትም ነበር። ብርጭቆውን መስኮቷ ላይ አኖርኩላት። ቦሎቄው ቅጠል ሲያወጣ ጮኻ አላፊ አግዳሚውን ጠራች። እኔ ስደርስ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ መስኮቱን ሞልቶ ቆሟል፣ እሷ እንደ አስጎብኚ ታብራራለች፤ የትኛው እንደበቀለ፣ የትኛው እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ። እናቷ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ይቺን ያነሳሁት ሥራው ደግ ቀንም እንደነበረው እንዲታወቅ ነው።

ከዚያ አዲስ አስተባባሪ ከናይሮቢ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆች ይወዳል፣ ዳበል ድረስ በሞተር ሳይክል እየመጣ አቧራ ላይ አብሯቸው ይቀመጣል። አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዞልን መጣ፤ ያማረ ነው። ቦሎቄዋ ዓይኗን ጨፍና፣ አፈሩን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተስላለች። መዝሙርም አለው፦ ዘሩ ተኝቷል፣ ቀስ በሉ፤ ከአፈር በታች ነው፣ አትንኩ፤ ውሃ ስጡት፣ ይነቃል። የተጻፈው በስዋሂሊ ነው፤ እኛ ወደ ቦረንኛ መለስነው። በቦረንኛ ተኛ "ራፌ" ነው፤ ልጆቹ "ራፌ፣ ራፌ" እያሉ ጉንጫቸውን መዳፋቸው ላይ አስደግፈው ይዘምሩት ነበር። ዜማው ከአፍ አይጠፋም።

"የተቆላው ዘር ግን ይቅር" አለ አስተባባሪው በስብሰባ ላይ። "ሕፃን መጀመሪያ ማየት ያለበት ሲሳካ ነው።"

"እዚህ አገር ሁሉ ነገር አይሳካም እኮ" አልኩ።

"ለዚያ ነው የቀጠርንሽ፣ አስቴር። ሥራችን ተስፋ መስጠት ነው።"

ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ጥቂት ተከራከርኩ፣ ተረታሁ፣ መቁላቱን ተውኩ። መጽሐፉን ለማማ ራሄል ወስጄ አሳየኋቸው። ዘምሪልኝ አሉኝ፤ ዘመርኩላቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ።

"ጥሩ ዜማ ነው" አሉ። ከዚያ መጽሐፉን ሲመልሱልኝ "ልጅ ግን ተኝቷል ያልሽውን ሲነሳ ይጠብቀዋል" አሉኝ።

ቃባሌን ያገኘኋት በዚያው ዓመት ነው፣ ዳበል። አባቷ ጃታኒ ከብት አርቢ ነው፤ እናቷ ታላሶ ዝምተኛ፣ ሥራ የማይታክታት ሴት። የጎረቤት ልጆችም እነሱ ግቢ ይሰበሰቡልኝ ነበር። ቃባሌ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቦሩ የሚባል ገና የማይራመድ ወንድሟን ቀኑን ሙሉ አዝላው ትውላለች። ስትዘምር እሱም ጀርባዋ ላይ አብሮ ይወዛወዛል። ብርጭቆዋን ከማንም አታስነካም። ጨርቁ ሲደርቅ ውሃ በአፏ ይዛ እፍ ትልበታለች፣ እንዳይንጠባጠብ፣ የማማ ራሄልን ሥርዓት ማንም ሳይነግራት። ቦሎቄዋ ከሁሉም ቀድማ በቀለች። ከግቢው አጥር ሥር ተከልንላት፤ ጥቂት አድጋ ሳለ ፍየል በላቻት። ቃባሌ አላለቀሰችም። ፍየሏን በጆሮዋ ይዛ አፏን ከፍታ ወደ ውስጥ ስታይ ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። ጃታኒ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። ዳበል ውሃ በቦቴ መኪና መምጣት ጀመረ፤ መኪናው ሲበላሽ በአህያ። ታላሶ ለልጆቿ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ትሰፍር ነበር። እኛም የዘሩን ትምህርት አቆምን፤ መዝሙሩን ብቻ እንዘምር ነበር፣ መዝሙር ውሃ አይጠጣምና። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ድርጅቱ የነዳጅ ገንዘብ አጣና ለጥቂት ሳምንታት ከከተማ እንዳትወጡ ተባልን።

ስመለስ ቦሩ ሞቶ ነበር። ተቅማጥ ነው የወሰደው፤ እንደታመመ አልቆየም። የጎረቤት ወንዶች ከግቢው ጀርባ ቀብረው ድንጋይ ከምረውበታል። ታላሶን ተቀምጬ አጽናናኋት፤ እሷ ግን እጇን አላሳረፈችም፣ ገመድ ትገምድ ነበር። ጃታኒ ለቀብሩ አልደረሰም፤ ሲመጣ "ዋቃ ሰጠ፣ ዋቃ ወሰደ፣ አታልቅሺ" ብሏት ወደ ከብቱ እንደተመለሰ ነገረችኝ። አላለቀሰችም።

"ለቃባሌስ ምን አልሻት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምን ልበላት? ስትጠይቀኝ ራፌ አልኳት። ተኝቷል።"

 ቃባሌን ፈለግኳት። ጥላ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ገብቷል፣ ስጠራት ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ ፈጀባት። ጀርባዋ ላይ ማንም የለም፤ ተነስታ ስትራመድ ግን ያዘለ ሰው እንደሚያጎነብስ አጎንብሳ ነው።

"ታማለች እንዴ?"

"ድርሻዋን እሰጣታለሁ" አለች ታላሶ። "ኩባያዋን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ጠጥታ ትመልስልኛለች።"

የማታው ውሃ ሲሰፈር ተከተልናት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቃባሌ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እግሯን እየመረጠች፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች። የድንጋዩ ክምር ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። በአንድ በኩል ድንጋዮቹ ተነስተዋል፣ አፈሩም በትንሽ እጅ ተጭሯል፤ ብርጭቆ ውስጥ ሥሩ ወጣ አልወጣ እያልን እንደምናየው ልታይ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ ውሃዋን ቀስ ብላ፣ አንዲት ጠብታ ሳታስተርፍ አፈሰሰች። ከዚያ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ መዝሙሩን ትዘምር ጀመር። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ታላሶ አጠገቤ እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። ቀድሜ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሳነሳት እጄ ላይ ተዝለፈለፈች።

ያን ቀን ጃታኒ ውሃ ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ ጩኸታችንን ሰምቶ ደረሰ። የተጫረውን መቃብር አየ፣ እጄ ላይ ያለችውን ልጅ አየ። ታላሶ የሆነውን እየተንተባተበች ነገረችው። ዱላውን አነሳ፣ ማን ላይ እንደሚያሳርፈው አላወቀም፣ መሬቱን መታ።

"አንቺ ነሽ ያስተማርሻት" አለኝ። "ቤቴ የመጣሽው ለዚህ ነው? ልጄ የወንድሟን መቃብር እንድትቆፍር?"

"ጃታኒ፣ ልጅቷ እየደከመች ነው፤ ሆስፒታል እንውሰዳት" አልኩት።

"ውሰጃት። እዚያም አንቺው ንገሪያት። ወንድምሽ አይነሳም ብለሽ ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ደጄን እንዳትረግጪ።"

ውሃ ባመጣው መኪና ጋቢና ውስጥ ሞያሌ ደረስን። ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አለና አልጨረሰውም። ታላሶ ከአልጋው ሥር ጥግ ላይ ተቀመጠች። እኔ ማማ ራሄል ቤት ሄድኩ፤ በዱላ እየተደገፉ፣ በየመንገዱ እያረፉ አብረውኝ መጡ። በር ላይ ስንደርስ ለመንኳቸው።

"ማማ፣ እርስዎ ይንገሯት። እርስዎ ያውቁበታል።"

"እኔን አታውቀኝም" አሉ። "የምታምነው አንቺን ነው። እኔ ከእናቷ ጋ እቀመጣለሁ።"

 ቃባሌ ነቅታ ጣሪያውን ታያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

"ቲቸር፣ ዛሬ ማን ውሃ ይሰጠዋል?"

"ማንም አይሰጠውም፣ ቃባሌ። ቦሩ ውሃ አይጠጣም።"

"ተኝቶ ነዋ።"

"አልተኛም። ሞቷል። ዱኤ።"

ቃሉን ታውቀዋለች፤ በድርቅ ለወደቀ ጥጃ የሚባል ነው። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ውሃ አንሶት ነው" አለች። "አንድ አንድ ኩባያ ብቻ ነው የሰጠሁት። የጠዋቱን አንዳንዴ እጠጣው ነበር።"

"የጠዋቱን ብትሰጪውም አይነሳም ነበር። የሁላችንን ውሃ ብንሰጠው አይነሳም። ቦሩ ዘር አይደለም። ሰው ሲሞት አይበቅልም። አንቺ ያጠፋሽው ምንም የለም።"

ዓይኗን ጨፈነች። ትተኛለች ብዬ ሳስብ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ "ታዲያ ውሃዬስ የት ሄደ?" አለችኝ።

"መሬት ጠጣው፣ ልጄ።"

ያኔ ከአልጋው ሥር የሰው የማይመስል ድምፅ ወጣ። ታላሶ ናት። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው፤ ደረቷን እየመታች፣ ስሙን እየጠራች። ነርሷ ልታስወጣት መጣች፣ ማማ ራሄል በዱላቸው መንገዱን ዘግተው "ተያት" አሏት። ቃባሌ ግሉኮሱ ያለበትን እጇን ዘርግታ የእናቷን ሻሽ ያዘች።

ልጅቷ ዳነች። የእኔ ዳበል ግን በዚያው አበቃ። ወሬው ፈጥኖ ዞረ፤ መቃብር ማስቆፈር የምታስተምረዋ ሴት ተባልኩ። አንድ ሁለት ቤት ደፍሬ ብሄድ ልጆቹን ከፊቴ አንስተው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። እነዚያ በቃባሌ ግቢ ይሰበሰቡ የነበሩ ልጆች ከዚያ ወዲህ ያስተማራቸው የለም፤ ዛሬ አድገዋል፣ አንዳንዶቹ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም። ይኼ ይቆጨኛል። ድርጅቱ ሄሉ ላይ ብቻ እንድሠራ አደረገኝ። መዝሙሩ እንዲቀር ጠየቅኩ፤ አስተባባሪው ፊቱ ገርጥቶ ሰማኝ፣ አዘነ፣ ግን መጽሐፉ ለአገሩ ሁሉ የታተመ ነው አለኝ። አልቀረም። እኔ አልዘመርኩትም። ማማ ራሄል በሚቀጥለው ዝናብ ሰሞን አረፉ፤ በእርሻቸው ዳር ነው የተቀበሩት። እኔ እስከ ጡረታዬ ሄሉ ውስጥ እንደ እሳቸው አስተማርኩ። የሚበቅለውንም የማይበቅለውንም አሳየሁ። ያም ሆኖ በየአዲሱ ቤት ብርጭቆውን ለልጅ ስሰጥ ቃባሌን አስባት ነበር።

ስለ ቃባሌ ለዓመታት ያለኝ ወሬ ብቻ ነበር። ከብቱ አልቆ ቤተሰቡ ወደ ቦሪ መሄዱን፣ ከዚያ ልጅቷ እዚያው መዳሯን ከገበያ ሰማሁ።

ባለፈው ወር በሬ ተንኳኳ። ታላሶ ናት፤ አርጅታለች፣ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ነው የመጣችው፣ ባለሞተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ውጭ ቆሟል። አልተቀመጠችም።

"ቃባሌ እኛ ቤት ወልዳ ነበር" አለችኝ። "ወንድ ነው። አላደረም። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ማንንም አላናግርም ብላለች። ትናንት ብቻ አንድ ነገር ተናገረች። ያቺን ቲቸር አምጡልኝ አለች።"

ሻሼን አስሬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ለምን እንደጠራችኝ ሳስብ ነበር፤ ልትረግመኝም ይሆናል ብያለሁ። ቦሪ ስንደርስ ጃታኒ ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ደጄን አትርገጪ ካለኝ በኋላ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።  ተነስቶ የበሩን መጋረጃ በእጁ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ።

ውስጥ ሴቶች ሞልተዋል። ሁሉም በተራ ያጽናኗታል፤ ልጅ ነሽ፣ ዋቃ ይክስሻል፣ በዓመቱ ሌላ ታቅፊያለሽ። ቃባሌ ድምፄን ስትሰማ ዞረች። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ዓይኗን ግን ለየሁት። ሴቶቹን እንዲወጡ ጠየቀቻቸው፤ እያጉረመረሙ ወጡ።

"ቲቸር፣ የዚያን ጊዜ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "ሁሉም ይደብቁኝ ነበር። ስለዚህ አንቺን ልጠይቅሽ። ሌላ እወልዳለሁ?"

የማጽናኛ ቃል ሁሉ በአራቱም ቋንቋ ምላሴ ላይ መጣ። ውጭ ሴቶቹ ሲያወሩ ይሰማል፤ እናቷ መጋረጃው ሥር ቆማለች።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኳት።

 ቃባሌ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። እጄን ይዛ ስለ ልጁ ትነግረኝ ጀመር፤ ፀጉሩ እንዴት ብዙ እንደነበረ፣ አንዲት ጣቷን ይዞ አልለቅም እንዳላት፣ ምን ብላ ስም ልታወጣለት አስባ እንደነበር።